ሐተታ፦ የባትሪን ቮልት የሚወስነው ማን ነው? ከሚሽሪፍ ሙቀት እስከ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና

እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የኩዌት የኤሌክትሪክ፣ የውሃና የታዳሽ ኃይል ሚኒስቴር በአንዳንድ የመኖሪያ አካባቢዎች በቀን እስከ ሁለት ሰዓት የሚደርስ የፈረቃ መብራት ማቋረጥ እንደሚኖር ሲያስታውቅ፣ ዜናው በነዳጅ ሀብቷ ለምትታወቅ አገር እንግዳ ነበር። በኤፕሪል 2025 ሙቀቱ ገና ሳይበረታ ተመሳሳይ ማቋረጥ ተደገመ። በዚያው ዓመት መንግሥት እስከ 1.5 ጊጋዋት ኃይል መስጠት የሚችል፣ በድምሩ ከ4 እስከ 6 ጊጋዋት ሰዓት የሚይዝ ግዙፍ የባትሪ ማከማቻ ለመገንባት ማቀዱ ተዘገበ።

በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አድርጓል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሥራ ላይ ውሏል። አንዷ የነዳጅ፣ ሌላዋ የውሃ ባለጸጋ የሆኑት ሁለቱ አገሮች በተለያየ መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ ተገናኝተዋል፤ ሁለቱም ባትሪ ላይ እምነት ጥለዋል።

ይህ ጉዳይ በሚሽሪፍና በአካባቢው ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛም ቅርብ ነው። የአሠሪውን መኪና የሚያሽከረክረው፣ ለወላጆቹ ቤት የሶላር ባትሪ ለመላክ ገንዘብ የሚያጠራቅመው፣ ወደ አገር ሲመለስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያስበው፣ ለእረፍት ሲሄድ ፓወር ባንክ በሻንጣው የሚይዘው ሁሉ ባትሪ ላይ የተጻፉ ቁጥሮችን እያየ ይወስናል። 1.5፣ 3.2፣ 3.7፣ 12፣ 12.8 የሚሉት ቁጥሮች በየመደብሩ አሉ። ከየት እንደመጡ ማወቅ ገንዘብንም ሕይወትንም ያድናል።

ቁጥሩ የፋብሪካ ምርጫ አይደለም

ብረታ ብረቶች ኤሌክትሮን ለመስጠት ያላቸው ፈቃደኝነት እኩል አይደለም። ወርቅ ለሺህ ዓመታት ከመሬት ሥር ተቀብሮ ሳይለወጥ ይወጣል፤ ብረት በባሕር ዳር አየር በወራት ውስጥ ይዝጋል፤ ሶዲየም ደግሞ ውሃ ሲነካው ይንቦገቦጋል። የኬሚስትሪ ሳይንስ ይህን ልዩነት በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሮታል። ስሙም መደበኛ የሪዳክሽን ፖቴንሻል ሲሆን፣ አንድ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን ለመቀበል ያለውን ዝንባሌ በቮልት ይለካል። ሃይድሮጂን ዜሮ ተብሎ መነሻ ሆኗል። ከዜሮ በታች ያሉት ኤሌክትሮን ለመስጠት የሚቸኩሉ ናቸው፤ ከዜሮ በላይ ያሉት ደግሞ መቀበልን ይመርጣሉ።

በዚህ ሰንጠረዥ ሊቲየም ከታች −3.04 ቮልት ላይ ይገኛል። ሶዲየም −2.71፣ ማግኒዚየም −2.37፣ አልሙኒየም −1.66፣ ዚንክ −0.76፣ ብረት −0.44፣ እርሳስ −0.13 ናቸው። ከዜሮ በላይ መዳብ 0.34፣ ብር 0.80፣ ወርቅ 1.50 ገደማ ላይ ተቀምጠዋል።

ባትሪ ማለት ከእነዚህ ሁለቱን መርጦ፣ አንዱ የሚሰጠውን ኤሌክትሮን ሌላው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በሽቦ በኩል እንዲያልፍ ማስገደድ ነው። ቮልቱም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ካሳየ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ጆን ፍሬድሪክ ዳንኤል በ1836 ዚንክና መዳብን በየራሳቸው ጨው ውስጥ አስቀምጦ የተረጋጋ ባትሪ ሠራ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከመዳብ 0.34 የዚንክ −0.76 ሲቀነስ 1.10 ቮልት ይሆናል። የዳንኤል ባትሪ ሲለካም የሚሰጠው ይህንኑ ነው።

በግድብ ቢመሰል ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ቮልት ነው፤ በቱቦው የሚያልፈው የውሃ መጠን አምፔር ነው፤ በሐይቁ የተጠራቀመው ውሃ ደግሞ አምፔር ሰዓት ነው። ሐይቁን ማስፋት የመውረጃውን ከፍታ አይጨምርም። በዚህም ምክንያት ለሪሞት የምንገዛው ቀጭን የባትሪ ድንጋይና ለእጅ ባትሪ የምንገዛው ወፍራም ድንጋይ ሁለቱም 1.5 ቮልት ናቸው። ወፍራሙ ብዙ ሰዓት ይሠራል እንጂ ከፍ ያለ ቮልት አይሰጥም። ከዚያ በላይ የፈለገ ሰው ድንጋዮቹን ከመደርደር ሌላ መንገድ የለውም።

የመኪና ባትሪም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 በፈጠረው የእርሳስና የሰልፈሪክ አሲድ ባትሪ ውስጥ አንደኛው ሳህን እርሳስ፣ ሌላኛው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። በአሲዱ ውስጥ የመጀመሪያው −0.36፣ ሁለተኛው 1.69 ቮልት ገደማ ስለሚሆኑ አንድ ሴል ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ ይላል። ስድስት ሴል ሲደረደር የምናውቀው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሆናል።

የሊቲየም ዙፋንና ዋጋው

ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለው ሊቲየም ከሁሉም ረጅሙን መውረጃ ይሰጣል፤ በዚያ ላይ ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ችግሩ ውሃ ነው። ውሃ ከ1.23 ቮልት በላይ ሲጫንበት ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን መበታተን ይጀምራል። ስለዚህ ሦስትና አራት ቮልት የሚሰጥ ባትሪ ውስጥ ውሃ መጨመር አይቻልም። የሊቲየም ባትሪዎች ፈሳሽ ከነዳጅ ዘመድ የሆኑ ካርቦናዊ ውህዶች ናቸው፤ እነሱም ተቀጣጣይ ናቸው። ከፍተኛው ቮልትና የእሳት ሥጋቱ የሚመነጩት ከአንድ ምንጭ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። በትምህርት ቤት ሙከራ ሶዲየምና ፖታሲየም ውሃ ውስጥ ሲገቡ ከሊቲየም ይልቅ በኃይል ይፈነዳሉ፤ በሰንጠረዡ ግን ሊቲየም ከሁለቱም በታች ነው። ተቃርኖ አይደለም። ሰንጠረዡ የሚናገረው የመውረጃውን ከፍታ እንጂ የአወራረዱን ፍጥነት አይደለም። የሊቲየም አዮን በጣም ትንሽ በመሆኑ ውሃ አጥብቆ ያቅፈዋል፤ ይህም ፖቴንሻሉን ወደ ታች ይስበዋል። ብረቱ ግን ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ቮልትና ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ወደ ኩዌት ሙቀት ስንመጣ ይጠቅመናል።

የዛሬው የሊቲየም ባትሪ ታሪክም የቮልት ፍለጋ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም የሠራው ባትሪ ከሁለት ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ጆን ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ሰልፋይዱን በኮባልት ኦክሳይድ ሲተካ አራት ቮልት ላይ ደረሰ። አኪራ ዮሺኖ ደግሞ አደገኛውን የሊቲየም ብረት በካርቦን ተክቶ ለገበያ የሚሆን ባትሪ አዘጋጀ፤ በ1991ም ሶኒ ለሽያጭ አቀረበው። ሦስቱም በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ዛሬ በገበያ ያሉት ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች የሚለያዩት በፖዘቲቭ ጫፋቸው ነው። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለባቸው ሴሎች 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ይሰጣሉ። ብረትና ፎስፌት ያለባቸው ሴሎች ደግሞ 3.2 ቮልት ናቸው። የግማሽ ቮልት ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በተመሳሳይ አምፔር ሰዓት የሚከማቸውን ኃይል ከአሥር በመቶ በላይ ትቀንሳለች። በምትኩ በፎስፌቱ ውስጥ ኦክሲጂን አጥብቆ ስለታሰረ፣ ባትሪው ቢግል እንኳ እሳቱን የሚመግብ ኦክሲጂን በቀላሉ አይለቅም። ጥቂት ቮልት ተሰጥቶ ብዙ መረጋጋት የተገዛበት ውል ነው። በቅርቡ ወደ ገበያ የገቡት የሶዲየም ባትሪዎችም በሰንጠረዡ ላይ ሶዲየም ከሊቲየም ከፍ ስለሚል ሦስት ቮልት አካባቢ ይቀራሉ፤ የሚያካክሱትም በጥሬ ዕቃው ርካሽነት ነው።

ሙቀት ቮልቱን አይነካም፤ ዕድሜውን ግን ይበላል

በኩዌት ሰሜናዊ ምዕራብ በምትገኘው ምጥሪባ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አጣርቶ ካጸደቃቸው የምድራችን ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። በሚሽሪፍ መንደሮች ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የሞተር ክፍል ደግሞ ከአየሩም በላይ ይግላል። ተንቀሳቃሽ በንሸሮች በሙቀት ወራት ባትሪ ሲቀይሩ የሚውሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ አሽከርካሪዎች ግራ የሚገባቸው "ትናንት ለክቼው 12.6 ነበር፤ ዛሬ ግን አልነሳም አለ" የሚለው ነገር ነው። መልሱ ከላይ ባነሳነው ልዩነት ውስጥ አለ። የሙቀት መጨመር የሴሉን ቮልት የሚለውጠው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ የኬሚካል ለውጦችን ፍጥነት ግን በእጅጉ ያሳድጋል። በተለምዶ የሚሠራበት መመሪያ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው።

በእርሳስ ባትሪ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ሴሉ ሁለት ቮልት ነው፤ ውሃ ደግሞ በ1.23 ቮልት መበታተን አለበት። እንደ ሰንጠረዡ ቢሆን ኖሮ ባትሪው ገና ሲሠራ ውሃውን ይጨርስ ነበር። ያዳነው እርሳስ ላይ ሃይድሮጂን የሚፈጠረው በጣም በዝግታ መሆኑ ነው። ሙቀት ይህን ዝግታ ይነጥቀዋል፤ ውሃው ወደ ጋዝ እየተለወጠ ይጠፋል፤ የፖዘቲቭ ሳህኑ ፍርግርግም ይበላል። ቮልቱ እስከ መጨረሻው ቀን ደህና መስሎ ይታያል፤ ሞተር ለማስነሳት ትልቅ አምፔር ሲጠየቅ ግን ይወድቃል። ስለዚህ ባትሪ የሚመረመረው በቮልት መለኪያ ብቻ ሳይሆን ጭነት ተደርጎበት መሆን አለበት።

እንዲያም ሆኖ ርካሽ የቮልት መለኪያ ብዙ ይናገራል። መኪናው ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ከተነበበ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ገደማ ከሆነ ሦስት አራተኛ አለው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ቻርጅ ተደርጎም 10.5 አካባቢ የሚቆም ከሆነ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል፤ ከ12.6 ላይ 2.1 የጎደለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ ደጋግሞ በኬብል ማስነሳት ዲናሞውን ከማድከም በስተቀር ፋይዳ የለውም።

የኩዌት ማከማቻ ምን ይፈታል?

የኩዌት ከፍተኛ የኃይል ፍላጎት በሙቀት ወራት ከ17,000 ሜጋዋት በላይ ደርሷል። የታቀደው ማከማቻ 1,500 ሜጋዋት የሚሰጥ ከሆነ ከዚህ ውስጥ ወደ ዘጠኝ በመቶ የሚጠጋውን ይሸፍናል። 4 ጊጋዋት ሰዓት ከያዘ ለ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ 6 ከያዘ ለ4 ሰዓት ያህል በሙሉ አቅሙ ሊሠራ ይችላል። የመቋረጡ ሥጋት የሚበረታው የአየር ማቀዝቀዣዎች በሙሉ ኃይል በሚሠሩባቸው ጥቂት ሰዓታት በመሆኑ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ፋይዳው ከፍ ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ባትሪ ኃይል አያመነጭም፤ ሌሊት ሲተርፍ ያጠራቀመውን ከሰዓት በኋላ ይመልሳል እንጂ። ኩዌት እስከ 2030 ከኃይል ፍላጎቷ የተወሰነውን ክፍል ከታዳሽ ምንጮች ለማግኘት ያስቀመጠችው ግብ ገና ብዙ ይቀረዋል። ማከማቻው ራሱም በዚህ አየር ጠባይ ያለማቋረጥ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። በዓለም ዙሪያ ለእንዲህ ዓይነት ማከማቻ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3.2 ቮልቱ የብረት ፎስፌት ሴል የሚመረጠውም በሙቀት መረጋጋቱ ነው። አራት መቶ ያህል ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 1,280 ቮልት ይሆናሉ፤ ትልቁም ማከማቻ የሚቆመው በዚሁ መደርደር ነው።

ለኢትዮጵያና ለቁጠባችን ያለው ትርጉም

የኢትዮጵያ ውሳኔ አመክንዮ ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ከዓባይ ይመነጫል። የአዲስ አበባ ደጋማ አየርም ለባትሪ ዕድሜ ከኩዌት እጅግ የተሻለ ነው፤ ድሬዳዋና ሰመራን የመሳሰሉ ሞቃታማ ከተሞች ግን ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የቀረው ጥያቄ ባትሪው ከየት ይመጣል፣ ሲያረጅስ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በኦሮሚያ ክልል ጉጂ አካባቢ የሚገኘው ቀንጢቻ ለረጅም ጊዜ በታንታለም ማዕድኑ ይታወቃል፤ ሊቲየም የያዘ አለትም አለው። ነገር ግን አለቱን ቆፍሮ መላክና ባትሪ መሥራት በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ያረጁ የእርሳስ ባትሪዎችን በየመንደሩ ማቅለጥም እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ ከወዲሁ ሥርዓት ሊበጅለት ይገባል።

ከኩዌት ሆኖ ለሚገዛና ለሚልክ ሰው ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ ቮልት አይዋሽም፤ አምፔር ሰዓት ግን ይዋሻል። ቮልቱን ተፈጥሮ ስለወሰነው ማንም ሻጭ ሊለውጠው አይችልም። የያዘው የኃይል መጠን ግን በውስጡ ባለው ዕቃ ብዛት ስለሚወሰን፣ ሽፋኑ ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። በተለይ አራት ነገሮችን ማየት ይበጃል።

አንደኛ፣ የሶላር ባትሪ ሲገዛ 12.8 ቮልት የተጻፈበት ባለ አራት ሴል የብረት ፎስፌት ሊቲየም ነው፤ 12 የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓቱ ሊቲየም 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ አብዛኛውንም መጠቀም ይቻላል። የእርሳሱ 1,200 ቢይዝም ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ ይህም 600 ገደማ ነው። ዋጋ የሚነጻጸረው በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛ፣ ቻርጀር አይቀያየርም። የብረት ፎስፌት ሴል የሚሞላው እስከ 3.65 ቮልት፣ የኒኬሉ እስከ 4.2 ቮልት ነው። የኒኬሉን ቻርጀር ለፎስፌቱ ማዋል ከመጠን በላይ መጫን ነው፤ መከላከያው ካልሠራ ባትሪውን ያበላሻል፤ ለአደጋም ያጋልጣል። ለኤሌክትሪክ ብስክሌትና ሞተር የሚሸጡ ቻርጀሮች ሶኬታቸው ስለገጠመ ብቻ ይስማማሉ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ክብደት ምስክር ነው። ዛሬ በገበያ ያሉት ጥሩ የሊቲየም ሴሎች በኪሎ ከ250 እስከ 300 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ባለ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ሴሎቹ ብቻ ከ250 ግራም ያላነሰ ሊመዝኑ ይገባል። በእጅ ሲያዝ እንደ ባዶ ሣጥን የቀለለ ከሆነ ጽሑፉ ሐሰት ነው።

አራተኛ፣ ለበረራ የሚታየው ዋት ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ ፓወር ባንክ የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። በ3.7 ቮልት ሲሰላ 100 ዋት ሰዓት ማለት 27,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው አስቀድሞ ቢያሰላው ንብረቱን አውሮፕላን ማረፊያ ጥሎ ከመሄድ ይድናል።

ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። የባትሪው ዓይነት ፎስፌት ነው ወይስ ኒኬል? ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል? ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል ወይስ በባሕረ ሰላጤው ብቻ? መኪናው ያገለገለ ከሆነ ስንት የሙቀት ወራት አሳልፏል? በሚሽሪፍ የዓለም አቀፍ ትርዒት ማዕከልን በኮቪድ ዘመን ክትባት የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል፤ በእንዲህ ያሉ ትርዒቶች ላይ መኪና ሲታይ ሻጩ ቀድሞ የሚናገረው ስለ ርቀትና ስለ ፍጥነት ነው። ገዢው ግን ስለ ሴሉ መጠየቅ አለበት፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል እዚያ ነውና።

ወደፊት

በሚቀጥሉት ዓመታት የሶዲየምና የጠጣር ፈሳሽ አልባ ባትሪዎች ዜና እየበዛ ይሄዳል፤ "አሥር እጥፍ ኃይል" የሚሉ ማስታወቂያዎችም አብረው ይመጣሉ። አንባቢ እነዚህን የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ አለ። ሰንጠረዡ ከሊቲየም በታች ሌላ ብረት የለውም። ከዚህ በኋላ የሚገኘው መሻሻል በአብዛኛው የሚመጣው ቮልትን በመጨመር ሳይሆን ክብደትን በመቀነስ፣ ደኅንነትን በማጠናከርና ዋጋን በማውረድ ይሆናል።

ኩዌትም ኢትዮጵያም በባትሪ ላይ የጣሉት እምነት የሚሳካው ግዢው ብቻ ሳይሆን እውቀቱም አብሮ ሲገባ ነው። ማከማቻውን የሚጠብቅ፣ የመኪናውን ሴል የሚመረምር፣ ያረጀውን በአግባቡ የሚመልስ ባለሙያ ያስፈልጋል። ዛሬ በኩዌት ጋራዦችና የጥገና ሥራዎች ላይ የተሰማሩ ወገኖች ይህን ሙያ ይዘው ቢመለሱ፣ ከሚልኩት ገንዘብ ባልተናነሰ ለአገራቸው የሚጠቅም ስንቅ ይሆናል።